የከዋክብትን ቀለም ሊያጠና ተነስቶ ለደም ቧንቧ ምርመራ መሠረት የጣለው ክርስቲያን ዶፕለር

ለልብ ወይም ለደም ቧንቧ ከባድ ቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ሕሙም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሞች ሊያዙለት ከሚችሉት ምርመራዎች መካከል የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧዎች የአልትራሳውንድ ምርመራ አንዱ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት እነዚህ ሁለት ቧንቧዎች በስብና በካልሲየም ክምችት ጠብበው ከተገኙ በቀዶ ሕክምናው ወቅትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስትሮክ የመከሰቱ ስጋት ከፍ ሊል ይችላል።

ምርመራው መርፌም ሆነ ጨረር አያስፈልገውም። ባለሙያው በእጁ የያዘውን አነስተኛ መሣሪያ በሕሙሙ አንገት ላይ በማሳረፍ የደሙን ፍጥነት በሴኮንድ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ለክቶ ይመዘግባል። ይህንን ልኬት የሚቻል ያደረገው የተፈጥሮ ሕግ የተገለጸው ግን በሐኪም ወይም በሕክምና ተመራማሪ አልነበረም። ሕጉን ከ180 ዓመታት በፊት ያቀረበው የከዋክብትን ቀለም ለማስረዳት የተነሳው ኦስትሪያዊው የሒሳብና የፊዚክስ ምሁር ክርስቲያን አንድሪያስ ዶፕለር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርስቲያን ዶፕለር ኅዳር 29 ቀን 1803 በዛሬዋ ኦስትሪያ ሳልዝበርግ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይ ጠራቢነትና በግንበኝነት ሙያ የታወቀና በሥራውም የበለጸገ ነበር። በዘመኑ ልማድ መሠረት ወንድ ልጅ የአባቱን ሙያ መውረስ ቢጠበቅበትም ክርስቲያን ከልጅነቱ ጀምሮ ጤናው ደካማ በመሆኑ መዶሻና መሮ ይዞ የሚውልበትን ሥራ መሥራት እንደማይችል ለወላጆቹ ግልጽ ሆነላቸው።

አባቱ ልጁ ለየትኛው ሙያ እንደሚሆን ምክር የጠየቁት በሳልዝበርግ የሒሳብ መምህር የነበረውን ሲሞን ስታምፕፈርን ነበር። ስታምፕፈር የወጣቱን የሒሳብ ችሎታ በመገንዘብ ወደ ቪየና ፖሊቴክኒክ እንዲላክ መከረ። ዶፕለርም ከ1822 እስከ 1825 በዚያው ተምሮ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ፤ ያልተሟላውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እያጠናቀቀም ሒሳብና ፊዚክስ በግል በማስተማር ይተዳደር ጀመር።

በ1829 በቪየና የከፍተኛ ሒሳብ ፕሮፌሰር ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ቅጥሩ ለአራት ዓመታት ብቻ የተወሰነ በመሆኑ በ1833 ሲያበቃ ዕድሜው 30 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዶፕለር ያለ ሥራ ቀረ። በየከተማው ለሚወጡ የመምህርነት ክፍት ቦታዎች በተደጋጋሚ አመለከተ። በዘመኑ ለእነዚህ ቦታዎች አመልካቾች በጽሑፍና በቃል ፈተና የሚወዳደሩ ሲሆን ውሳኔው ደግሞ ብዙ ወራት ይወስድ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኑሮውን ለመደጎም ከቪየና ብዙም በማይርቅ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ በሒሳብ መዝገብ ያዥነት ለመሥራት ተገደደ።

ሥራ ፍለጋው ውጤት ሲያጣ ዶፕለር በ1835 ወደ አሜሪካ ለመሰደድ ወሰነ። ንብረቱን ሸጦ ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ሙኒክ ከተማ ተጓዘ። ጉዞውን ሊጀምር በተቃረበበት ወቅት ግን በፕራግ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኖ መመደቡ ተነገረው። ዶፕለርም የስደት ዕቅዱን ሰርዞ ወደ ፕራግ አቀና። በቀጣዩ ዓመት የሳልዝበርግ ተወላጅ የሆነችውን ማቲልደ ስቱርምን አግብቶ አምስት ልጆች አፍርቷል።

በፕራግ ፖሊቴክኒክ በ1837 ማስተማር የጀመረ ሲሆን በ1841 ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን በቅቷል። ይህ ማዕረግ ግን ዕረፍት አልሰጠውም። በርካታ መቶ ተማሪዎችን በጽሑፍና በቃል የመፈተን ኃላፊነት የእርሱ ስለነበር አብዛኛው ጊዜው በፈተና ያልፍ ነበር። የሳንባ ሕመሙም በዚሁ ወቅት እየበረታ ሄደ። ለዘመናት የሚታወስበትን ጥናት ያዘጋጀው በዚህ የሥራ ጫና ውስጥ ሆኖ ነው።

ግንቦት 25 ቀን 1842 ዶፕለር በቦሄሚያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ጥምር ከዋክብትና ስለ ሌሎች የሰማይ አካላት ቀለም ያዘጋጀውን ጽሑፍ አቀረበ። ያዳመጡት እጅግ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሞገድ ምንጭና ተቀባይ እርስ በርስ ሲቀራረቡ ሞገዱ በተቀባዩ ዘንድ በሴኮንድ የሚደርስበት ድግግሞሽ ይጨምራል፤ ሲራራቁ ደግሞ ይቀንሳል የሚል ነበር። በባሕር ላይ ወደ ሞገዱ አቅጣጫ የምትጓዝ መርከብ ቆማ ከምትጠብቅ መርከብ ይልቅ በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ ብዙ ሞገዶች እንደሚመቷት ሁሉ፣ ለብርሃንና ለድምፅም ሕጉ አንድ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል።

ዶፕለር በዚህ ሕግ ሊያስረዳ የፈለገው አንዳንድ ከዋክብት ለምን ቀይ፣ ሌሎቹ ለምን ሰማያዊ ሆነው እንደሚታዩ ነበር። ወደ ምድር የሚቀርቡት ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቁት ደግሞ ወደ ቀይ ያደላሉ ብሎ አሰበ። በዚህ ረገድ ግን ተሳስቷል። የከዋክብት ቀለም በዋናነት የሚወሰነው በገጽታቸው ሙቀት ሲሆን፣ ፍጥነታቸውም በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚጓዘው ብርሃን ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ በመሆኑ በዓይን የሚታይ የቀለም ለውጥ አያመጣም። ሕጉ ትክክል ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ምሳሌ ስህተት መሆኑ ለተቃዋሚዎቹ በር ከፍቷል።

ሕጉን በተግባር ለመፈተሽ ቀዳሚ የሆነው ሆላንዳዊው ተመራማሪ ክሪስቶፎረስ ቦይስ ባሎት ነው። ተመራማሪው በ1845 በዩትሬክት ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የባቡር ሐዲድ ላይ ሙከራ አካሄደ። መለከት ነፊዎችን በባቡሩ ላይ አሳፍሮ፣ ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ሌሎች ሙዚቀኞችን ደግሞ በሐዲዱ ዳር አቆመ። በየካቲት ወር የተጀመረው ሙከራ በአየሩ መክፋት ምክንያት ሳይሳካ ቢቀርም በሰኔ ወር ተደግሞ ውጤት አስገኘ። ባቡሩ ሲቀርብ ድምፁ ቀጥኖ፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ወፍሮ እንደሚሰማ ተረጋገጠ። ቦይስ ባሎት ሕጉ ለድምፅ እንደሚሠራ አረጋግጦ፣ ስለ ከዋክብት ቀለም የተሰጠውን ማብራሪያ ግን ሳይቀበል ቀርቷል።

በ1848 ደግሞ ፈረንሳዊው አርማን ፊዞ በራሱ ጥናት ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ በመድረስ ለውጡ መፈለግ ያለበት በከዋክብቱ አጠቃላይ ቀለም ሳይሆን ብርሃናቸው በሚተነተንበት ጊዜ በሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ላይ መሆኑን አመለከተ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሀጊንስ በ1868 በዚሁ መንገድ የአንድን ኮከብ ፍጥነት ለመለካት በቅቷል። ዶፕለር ይህንን ለማየት አልታደለም።

በፕራግ የነበረው የሥራ ጫና ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ በመሄዱ በ1844 ተማሪዎች ፈተናው ከመጠን በላይ ጥብቅ ነው የሚል አቤቱታ አቀረቡበት። ዶፕለርም ጤናው በመታወኩ ረዘም ያለ የሕመም ፈቃድ ለመውሰድ ተገዶ ወደ ሥራው የተመለሰው በ1846 ነው። በ1847 ፕራግን ለቆ በዛሬዋ ስሎቫኪያ በምትገኘው ሼምኒትዝ ከተማ የማዕድንና የደን አካዳሚ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የመካኒክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1848 በሀብስበርግ ግዛት የተቀጣጠለው አብዮት ግን በዚያ ረጋ ብሎ እንዲሠራ አልፈቀደለትም። በዚያው ዓመት የቪየና የንጉሠ ነገሥቱ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመርጧል።

ወደ ቪየና ሲመለስ በፖሊቴክኒኩ የያዘው የፕሮፌሰርነት ቦታ በወጣትነቱ መንገዱን ያሳየው ስታምፕፈር የለቀቀውን ነበር። ጥር 17 ቀን 1850 ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ የቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም እንዲመሠረት በፈረሙት ድንጋጌ ዶፕለር የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተርና የሙከራ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ከተማሪዎቹ መካከል በአተር ተክል ላይ ባደረገው ጥናት የውርስ ሕግጋትን በመግለጽ በኋላ ስሙ የገነነው መነኩሴ ግሪጎር ሜንደል ይገኝበታል። ሜንደል በ1851 ወደ ቪየና መጥቶ የዶፕለርን ትምህርት ተከታትሏል።

ዶፕለር በሙያ ሕይወቱ ከፍተኛው ደረጃ ላይ በደረሰበት በዚህ ጊዜ ከባዱ ተቃውሞ ገጠመው። የካሜራ ሌንስ በመሥራት ዝና ያተረፈው የቪየና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ዮሴፍ ፔትዝቫል በ1852 በሳይንስ አካዳሚው ስብሰባዎች ላይ የዶፕለርን ሕግ በይፋ ነቀፈ። ፔትዝቫል አንድ ታላቅ የተፈጥሮ ሕግ በጥቂት መስመር ቀላል ስሌት ሊገኝ አይችልም የሚል አቋም ነበረው። ሞገድ በሚጓዝበት አካል ውስጥ ፍሰት ቢኖርም የሞገዱ ድግግሞሽ እንደማይለወጥም በሒሳብ አረጋገጥሁ አለ።

በሁለቱ ምሁራን መካከል የነበረው ልዩነት ዛሬ ሲታይ ግልጽ ነው። ፔትዝቫል ያሰላው ምንጩም ተቀባዩም በየቦታቸው ቆመው በመካከላቸው ያለው አየር ወይም ውኃ ብቻ የሚንቀሳቀስበትን ሁኔታ ነው። ንፋስ በሚነፍስበት ዕለት የሙዚቃ ቡድን ሲጫወት ዜማው ቅኝቱን እንደማይስት ሁሉ በዚህ ሁኔታ ድግግሞሹ አይለወጥም። ዶፕለር ይናገር የነበረው ግን ምንጩ ወይም ተቀባዩ ራሱ ስለሚንቀሳቀስበት ሁኔታ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ጉዳይ ትክክል ነበሩ። ያም ሆኖ የአካዳሚው ስሜት ወደ ፔትዝቫል አደላ። ከሰባት ዓመት በፊት በባቡር ሐዲድ ላይ በተደረገው ሙከራ የተገኘው ማስረጃም የሚገባውን ክብደት ሳያገኝ ቀረ።

በሕመም የተዳከመው ዶፕለር ለሞቃት አየር ሲል በኅዳር ወር 1852 በወቅቱ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ወደነበረችው ቬኒስ ተጓዘ። ይሁን እንጂ የሳንባ ሕመሙ ሊሻለው ባለመቻሉ መጋቢት 17 ቀን 1853 በተወለደ በ49 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ፤ ሥርዓተ ቀብሩም በቬኒስ ሳን ሚኬሌ ደሴት ተፈጽሟል። በሕይወት በነበረበት ዘመን ሕጉ ለሕክምና ይውላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሕጉ ወደ ሐኪም ቤት እስኪገባ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ያህል ወስዷል። ለዚህ አስፈላጊ የነበረው ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ ማመንጨትና መቀበል የሚችል መሣሪያ ሲሆን፣ መነሻውም የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ማረጋገጣቸው ነው። በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሺገኦ ሳቶሙራ በ1950ዎቹ አጋማሽ በዶፕለር ሕግ የልብን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ለመከታተል የቻለ ሲሆን ቀጥሎም ዘዴውን ለደም ፍሰት አዋለው።

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ ዶናልድ ቤከርና የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስትራንድነስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዘዴውን አሻሻሉ። የደም ቧንቧውን ምስልና የደሙን ፍጥነት በአንድነት የሚያሳይ መሣሪያም ለአገልግሎት አበቁ። ዛሬ ለአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ ምርመራ የሚውለው መሣሪያ የዚሁ ሥራ ውጤት ነው።

አሠራሩ የዶፕለርን ሐሳብ በቀጥታ የተከተለ ነው። መሣሪያው በሴኮንድ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ወደ አንገት ይልካል፤ በቧንቧው ውስጥ የሚሮጡት ቀይ የደም ሕዋሳት ድምፁን መልሰው ይበትኑታል። የሚመለሰው ድምፅ ድግግሞሽ ከተላከው የሚለይ ሲሆን የልዩነቱ መጠን የደሙን ፍጥነት ይናገራል። ለምሳሌ 5 ሜጋ ኸርዝ ድምፅ በ60 ዲግሪ ማዕዘን ተልኮ ደሙ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢጓዝ ልዩነቱ 3 ሺህ 200 ኸርዝ ያህል ይሆናል። ይህም በሰው ጆሮ የሚሰማ በመሆኑ በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ከልብ ምት ጋር የሚሄድ የሹክሹክታ ድምፅ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ፍጥነት የጥበት መለኪያ የሚሆነው ወንዝ በጠባብ ሸለቆ ሲያልፍ ፈጥኖ እንደሚወርደው ሁሉ ደምም በጠበበ ቧንቧ ሲያልፍ ስለሚፈጥን ነው። የቧንቧው ስፋት ከዳር እስከ ዳር በግማሽ ቢቀንስ ያንኑ መጠን ደም ለማሳለፍ ፍጥነቱ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። በ2003 በታተመው የባለሙያዎች የጋራ ስምምነት መሠረት የደሙ ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 125 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ቧንቧው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ስለመጥበቡ፣ ከ230 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ደግሞ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ስለመጥበቡ አመላካች ተደርጎ ይወሰዳል።

የ70 በመቶው ወሰን ትርጉም ያገኘው በሕሙማን ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት ነው። በ1991 ይፋ የሆነው የሰሜን አሜሪካ ጥናት የአንገት ቧንቧቸው ከ70 እስከ 99 በመቶ ጠብቦ አስቀድሞ የስትሮክ ምልክት ያሳዩ ሕሙማንን በሁለት ቡድን ከፍሎ ተከታትሏል። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መካከል በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በዚያው ወገን ስትሮክ ያጋጠማቸው 26 በመቶ ሲሆኑ፣ ቧንቧቸው በቀዶ ሕክምና ከተጠረገላቸው መካከል ግን 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመሆኑም በመሣሪያው ላይ የሚነበበው ፍጥነት አንድ ሰው ቢላዋ ሥር ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ለመወሰን ከሚያግዙ መረጃዎች ቀዳሚው ሆኗል።

አልትራሳውንድ ከመምጣቱ በፊት ቧንቧውን ለማየት የነበረው መንገድ ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 ያስተዋወቀው፣ በደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ ፈሳሽ ተወግቶ በራጅ ፎቶግራፍ የሚነሳበት ዘዴ ነበር። ዘዴው ጥርት ያለ ምስል የሚሰጥ ቢሆንም ራሱ ምርመራው አልፎ አልፎ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። የዶፕለር አልትራሳውንድ ትልቁ ጠቀሜታ ይህንን አደጋ ማስቀረቱ ነው።

ምርመራው ለሁሉም ሰው ይደረግ ማለት ግን አይደለም። የልብ ደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው መካከል በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ቀደም ሲል ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ የስትሮክ ምልክት ለነበራቸው፣ የእግር ደም ቧንቧ ጥበት ላለባቸው፣ ሲጋራ ለሚያጨሱና በአንገታቸው ላይ በማዳመጫ ያልተለመደ ድምፅ ለሚሰማባቸው ሕሙማን ቅድሚያ ይሰጣል። ምንም ምልክት የሌላቸውን ሰዎች በጅምላ መመርመርን የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2007፣ በ2014 እና በ2021 ባወጣቸው ምክረ ሐሳቦች አልደገፈውም። ምክንያቱም በሐሰት የተገኘ ጥበት ጤነኛውን ሰው ለማያስፈልገው ቀዶ ሕክምናና ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሊያስከትለው ለሚችለው ስትሮክ ሊያጋልጠው ስለሚችል ነው።

ውጤቱም በባለሙያው ጥንቃቄ ይወሰናል። ድምፁ የሚላክበት ማዕዘን ከ60 ዲግሪ ካለፈ አነስተኛ የማዕዘን ስህተት ትልቅ የፍጥነት ስህተት ያመጣል። በቧንቧው ግድግዳ ላይ የደነደነ ካልሲየም ድምፁን ሊጋርድ ይችላል። ቧንቧው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ የሚያልፈው ደም በማነሱ ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች አጠራጣሪ ውጤት ሲገኝ በሲቲ ስካን ወይም በኤም.አር.አይ እንዲረጋገጥ ያደርጋሉ።

ክርስቲያን ዶፕለር ሥራ አጥቶ አገሩን ሊለቅ ተቃርቦ የነበረ፣ በፈተናና በሕመም መካከል ጥናቱን ያካሄደ፣ በመጨረሻም የራሱ አካዳሚ ፊቱን ያዞረበት ምሁር ነበር። ስለ ከዋክብት ቀለም የሰጠው ማብራሪያ ውድቅ ቢሆንም ሕጉ ግን በባቡር ሐዲድ፣ በከዋክብት ብርሃንና በሰው አንገት ላይ በተደጋጋሚ ተለክቶ ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል። በ1852 በቪየና በስብሰባ ክርክር ሊፈታ ያልቻለውን ጥያቄ የፈታው ልኬት ነው። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ ዶፕለር የሚለው ስም የአንድ ሰው መጠሪያ መሆኑ እስኪዘነጋ ድረስ የምርመራው መጠሪያ ሆኖ ይገኛል።